በዲጂታል መረጃ ሥራ ማን ይሰነብታል?

እ.ኤ.አ. በ1990 ኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ በአሜሪካ ብቻ 120,000 ያህል ሙሉ ስብስብ ሸጠ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሦስት ዓመት ቆይቶ ማይክሮሶፍት ኤንካርታን በሲዲ አወጣ። ሙሉ መደርደሪያ የሚይዝና ከ1,000 ዶላር በላይ የሚያወጣ የዕውቀት ስብስብ ተወዳዳሪው በአንዲት ዲስክ ላይ መጣበት። በ1996 የብሪታኒካ ሽያጭ ወደ 40,000 ወርዶ ነበር። ያን ጊዜ ብዙዎች ወረቀት አለቀለት፣ ከእንግዲህ ዘመኑ የሲዲ ነው ብለው ደመደሙ፤ ጉልበታቸውንም ገንዘባቸውንም በዚያው ላይ አፈሰሱ። ኤንካርታ ግን በ2009 ተዘጋ። ብሪታኒካ ቤት ለቤት እየዞሩ መጽሐፉን ይሸጡ የነበሩትን ሠራተኞቹን በ1990ዎቹ አጋማሽ አሰናበተ፤ በ2012 ደግሞ የወረቀት ኅትመቱን ማቆሙን አስታወቀ። ተቋሙ ራሱ ግን ጽሑፎቹን የሚያዘጋጁና የሚያጣሩ አርታኢዎችን ይዞ ዛሬም በኢንተርኔት ላይ ይሠራል።

ከወረቀቱ ጋር የተጣበቀው ሥራ ከወረቀቱ ጋር ሄደ፤ ከሲዲው ጋር የተጣበቀውም ከሲዲው ጋር። ጽሑፍን መምረጥ፣ ማጣራት፣ ማደስ፣ አንባቢ በሚፈልገው ስም እንዲገኝ አድርጎ ማስቀመጥ ግን ቀጠለ። ይህ በአንድ ኩባንያ ላይ ብቻ የደረሰ ቢሆን እንደ አጋጣሚ ይታለፍ ነበር። ያለፉትን 60 ዓመታት የዘርፉን ታሪክ ለሚመረምር ሰው ግን ነገሩ ደጋግሞ ይታያል፦ በዲጂታል መረጃ ኅትመት ረጅም የሥራ ዘመን ያገኙት፣ ሰዎች መረጃ ሲፈልጉ የሚቸገሩበትን አንድ ነገር ለይተው ያወቁና ሙያቸውን በዚያ ላይ የገነቡ ናቸው። መሣሪያውን እንደየዘመኑ ቀያየሩ፤ የያዙትን ችግር ግን አልለቀቁም። ይህን አጥብቄ የምናገረው በአገራችን በርካታ ወጣቶች የሦስት ወር የሶፍትዌር ሥልጠና ወስደው የዕድሜ ልክ ሙያ የያዙ እየመሰላቸው ስለሆነና፣ ሶፍትዌሩ ሲያረጅ ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ስለሚያዩት ነው።

ነገሩን ከመሠረቱ ማስረዳት ይሻላል። የመረጃ ኅትመት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ዜናን ነው። ዘርፉ ግን ከዚያ እጅግ ይሰፋል፤ ትልቁ ገንዘብም ያለው ተራ አንባቢ ስማቸውን በማያውቃቸው ቤቶች ነው። ጠበቃ ከመሟገቱ በፊት የቀደሙ ፍርዶችን የሚፈልግባቸው ዌስትሎውና ሌክሲስኔክሲስ፣ ተመራማሪ አዳዲስ ጥናቶችን የሚከታተልባቸው ሳይንስዳይሬክትና ዌብ ኦቭ ሳይንስ፣ ሐኪም ስለ አንድ መድኃኒት የተጻፈውን የሚያጣራበት ፐብሜድ፣ ሁሉም የዚህ ዘርፍ ናቸው። ከጀርባቸው የተሰለፈውም ሠራተኛ ብዙ ዓይነት ነው። ጽሑፉን የሚመርጥ አለ፤ የሚያርም አለ፤ ርዕሱን፣ ደራሲውን፣ ዘመኑን፣ ስለምን እንደሚናገር የሚመዘግብ፣ በሙያው አጠራር ሜታዳታውን የሚያዘጋጅ አለ፤ የባለቤትነት መብቱን የሚደራደር አለ፤ ተጠቃሚው ምን ፈልጎ እንዳጣ የሚያጠና አለ፤ ፋይሉ ከ20 ዓመት በኋላም እንዲከፈት የሚጠብቅ አለ። ፕሮግራም የሚጽፉት ከእነዚህ አንዱ ክፍል ናቸው እንጂ ዘርፉ በሙሉ እነሱ አይደሉም።

ለክርክሬ ትልቅ ማስረጃ የሚሆነው የዩጂን ጋርፊልድ የሥራ ዘመን ነው። ጋርፊልድ በ1925 በኒው ዮርክ ተወለዱ፤ በመጀመሪያ የተማሩት ኬሚስትሪ ነበር። በ1951 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ጽሑፎችን በማሽን እንዴት ማውጣትና መዘርዘር ይቻላል የሚለውን በሚያጠና ፕሮጀክት ውስጥ ገቡ። እዚያ ያጋጠማቸው ችግር ለማንም ግልጽ ነው፦ አንድን ጥናት በርዕሱ ቃላት ብቻ መፈለግ ብዙ ያስቀራል፤ ሁለት ተመራማሪዎች ስለ አንድ ነገር በተለያየ ቃል ይጽፋሉና። መፍትሔውን ያገኙት ከሌላ ሙያ፣ ከጠበቆች ዘንድ ነው። ፍራንክ ሼፐርድ የሚባሉ አሜሪካዊ በ1873 አንድ አሠራር ጀምረው ነበር፤ አንድ ፍርድ በኋላ በየትኞቹ ፍርዶች እንደተጠቀሰ፣ እንደጸና ወይም እንደተሻረ የሚያሳይ ዝርዝር። በመጀመሪያ ዝርዝሩ ይታተም የነበረው ሙጫ ባላቸው ትንንሽ ወረቀቶች ላይ ሲሆን፣ ጠበቆች በሕግ መጻሕፍቶቻቸው ኅዳግ ላይ ይለጥፏቸው ነበር። ጋርፊልድ ይህን ሐሳብ ወደ ሳይንስ አመጡት። አንድ ጥናት ከእርሱ በፊት የታተሙትን ይጠቅሳል፤ ማን ማንን እንደጠቀሰ ከተመዘገበ፣ አንባቢ ከአንድ አሮጌ ጥናት ተነሥቶ ከዚያ በኋላ የመጡትን ሁሉ ማግኘት ይችላል። ይህን በ1955 ሳይንስ በተባለው መጽሔት አሳተሙት።

ሐሳቡ ምርት ለመሆን ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። በ1964 የወጣው የመጀመሪያው የሳይንስ ማጣቀሻዎች ማውጫ 613 መጽሔቶችንና 1.4 ሚሊዮን ማጣቀሻዎችን የያዘ የወረቀት ጥራዝ ነበር። ከዚያ በኋላ ያው ማውጫ በማግኔት ቴፕ ወጣ፤ በስልክ መስመር ተሰጠ፤ በሲዲ ታተመ፤ በ1997 ዌብ ኦቭ ሳይንስ ሆኖ ኢንተርኔት ላይ ወጣ። ጋርፊልድ በ2017 በ91 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ በዚያው ጉዳይ ላይ ይጽፉና ይናገሩ ነበር። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን ጎግልን ሲመሠርቱ የተጠቀሙበት ስሌትም አንድ ድረ ገጽ ወደ ሌላው የሚያደርገውን ማገናኛ እንደ ማጣቀሻ የሚቆጥር ነው፤ ስለ ስሌቱ ባዘጋጁት ጽሑፍም ከዋቢዎቻቸው አንዱ ጋርፊልድ ናቸው። የጋርፊልድ ሥራ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ከማውጫው የወጣው የመጽሔቶች ደረጃ መለኪያ ዛሬ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የኛዎቹንም ጨምሮ፣ የሰውን ሥራ ሳያነቡ ለመመዘን ይውላል፤ እሳቸው ራሳቸው መለኪያው ግለሰቦችን ለመመዘን እንዳይውል ደጋግመው አስጠንቅቀው ነበር። የሥራ ዘመናቸው ርዝመት ግን ከምን እንደመጣ ግልጽ ነው፦ ቴፑም ሲዲውም እየመጣ ሲሄድ፣ የያዙት ጥያቄ አንድ ነበር።

ከግለሰብ ወደ ተቋም ብንሄድም ያው ነው። በአሜሪካ ጆን ሾው ቢሊንግስ በ1879 የዓለምን የሕክምና ጽሑፎች በየርዕሳቸው የሚዘረዝር ኢንዴክስ ሜዲከስ የተባለ ማውጫ ማሳተም ጀመሩ። ሥራውን የወረሰው የአገሪቱ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት በ1964 ወደ ኮምፒውተር አዞረው፤ በ1971 ሜድላይን በሚል ስም በስልክ መስመር ከሩቅ እንዲፈለግ አደረገው፤ በ1997 በፐብሜድ በኩል ለማንም ሰው በነጻ ከፈተው። ዛሬ ከ35 ሚሊዮን በላይ መዝገቦች አሉት። የወረቀቱ ኢንዴክስ ሜዲከስ የተቋረጠው በ2004 ነው፤ ማለትም ወረቀቱና ኮምፒውተሩ 40 ዓመት ጎን ለጎን ሄደዋል። በዚህ ሁሉ ለውጥ ውስጥ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች ሳይጥሉት የያዙት በ1960 የወጣውን የሕክምና ቃላት ዝርዝር ነው። አንዱ ደራሲ የልብ ድካም፣ ሌላው የልብ መድከም፣ ሦስተኛው በላቲን ስሙ የጠራውን በሽታ በአንድ ርዕስ ሥር የሚያስገባ፣ በየዓመቱም የሚታደስ ዝርዝር ነው። በሽታዎች ስማቸው ይለወጣል፤ አዲስ በሽታም ይመጣል፤ ይህን የሚከታተል ሰው ሥራ አጥቶ አያውቅም።

የመጀመሪያውን ተቃውሞ እዚህ ላይ ማንሣት ተገቢ ነው። ቀጣሪ የሚጠይቀው መሣሪያ አይደለም ወይ? የሥራ ማስታወቂያ የሚዘረዝረው የሶፍትዌር ስሞችን ነው፤ እነሱን የማያውቅ በሩን አያልፍም ይባላል። እውነት ነው፤ መሣሪያ መማር ግዴታ ነው፤ በየጥቂት ዓመቱም እንደ አዲስ መማር ግዴታ ነው። ነገር ግን በር መግባትና ቤት ውስጥ መክረም የተለያዩ ናቸው። ሮጀር ሰሚት በሎክሂድ ኩባንያ ያሳደጉትና በ1972 ለገበያ የቀረበው ዳያሎግ በዘመኑ ታላቅ የመረጃ መፈለጊያ ነበር። ክፍያው በተገናኙበት ደቂቃ ልክ ስለሆነ፣ ተጠቃሚው ራሱ አይፈልግም ነበር፤ ትእዛዞቹን የሠለጠነ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ አስቀድሞ በወረቀት ያዘጋጅና መስመሩን ከፍቶ ፈጠን ብሎ ያስገባል። ይህ የተከበረ ሙያ ነበር። ድረ ገጽ መጥቶ ማንም ሰው በነጻ መፈለግ ሲጀምር፣ ትእዛዞቹን በቃሉ ከመያዝ ያለፈ ነገር ያልነበረው ባለሙያ የሚሠራው አጣ። ከእነዚያው ባለሙያዎች መካከል ግን ሌላ ችሎታ ያካበቱ ነበሩ፦ ሐኪሙ የጠየቀውን ሰምተው በእርግጥ የፈለገውን የሚለዩ። በ1993 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃዎችን የሚያጠናቅር ድርጅት ሲቋቋም እንዲህ ያሉት ተፈላጊ ሆኑ፤ አንድ ሕክምና ይሠራል አይሠራም ለማለት የተጻፈውን ሁሉ ሳያስቀሩ መፈለግ ያስፈልጋልና። በብዙ እንዲህ ባሉ ጥናቶች ላይ ዛሬ የመረጃ ባለሙያው ስም ከሐኪሞቹ ስም ጋር ሰፍሮ ይወጣል።

ይህን የሚያሳይ ምሳሌ ከራሳችን ሰዎችም አለን፤ እንዲያውም ለእኔ ከጋርፊልድ የሚበልጠው ይኸኛው ነው። በ1973 በኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን፣ የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የአሜሪካው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና በሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል የሚገኘው የሂል ገዳም የብራና ቤተ መጻሕፍት ተባብረው የጀመሩት ሲሆን፣ ወደ 9,000 የሚደርሱ መጻሕፍት በፊልም ተቀርጸዋል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1968 ዓ.ም. ከደረሰባቸው የጥይት አደጋ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው ወደ ሚኒሶታው ቤተ መጻሕፍት ሄዱና እነዚህን መጻሕፍት መመዝገብ ያዙ። መመዝገብ ሲባል ርዕስ ጽፎ ማለፍ አይደለም። የብራናው መጠን፣ የቅጠሉ ብዛት፣ ጽሕፈቱ በስንት ዓምድ እንደተጻፈ ይታያል። ዘመኑ ካልተጻፈ ከእጅ ጽሕፈቱ ቅርጽና ከሚጠቀሰው የንጉሥ ወይም የጳጳስ ስም ይገመታል። በመጽሐፉ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ድርሰት ከየት እስከ የት እንደሚሄድ፣ በኅዳግ የተጻፈው የርስት ውል፣ የባለቤቱ ስም፣ ተፍቆ በሌላ የተተካ ስም ካለም እሱ ይመዘገባል። ፕሮፌሰር ጌታቸው በዚህ ሥራ በ1988 የማክአርተር ሽልማት አገኙ፤ በ2021 እስኪያርፉም ድረስ በጥናቱ ዘልቀዋል። ፊልሙ አርጅቶ ወደ ዲጂታል ምስል ሲዞር ምዝገባው አላረጀም። ዛሬ ተመራማሪ በድረ ገጽ ላይ ገጾቹን የሚያገኘው ያኔ በተሰጣቸው ቁጥርና ያኔ በተጻፈላቸው መግለጫ ነው። ማይክሮፊልም ማንሻውን የሚያንቀሳቅስ ሰው ዛሬ የሚቀጥረው ጥቂት ነው፤ ግዕዝ አንብቦ የሚመዘግብ ግን አሁንም ተፈልጎ የማይገኝ ባለሙያ ነው።

በአማርኛ ዲጂታል ኅትመት ውስጥ ለሚሠራ ሰው የዕድሜ ልክ ሥራ የሚሆኑ ችግሮች የትኞቹ ናቸው ቢባል፣ ጥቂቶቹን ቀረብ ብሎ ማየት ይቻላል። የመጀመሪያው ፊደሉ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 በሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ ፎንት አዘጋጆች ፊደሎቻችንን በየራሳቸው ሰንጠረዥ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር፤ ስለዚህ በዚያ ዘመን የተጻፈ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ድርድር ሆኖ ይወጣል። በየመሥሪያ ቤቱና በየማተሚያ ቤቱ እንዲህ የተቀመጠ ብዙ ጽሑፍ አለ። ሁለተኛው ሞክሼ ፊደላት ናቸው። ኃይለ ሥላሴ ተብሎ የተጻፈው ስም በሌላ ሰነድ ሀይለ ስላሴ፣ በሌላው ኀይለሥላሴ ይሆናል፤ አዘጋጁ እነዚህን አንድ አድርጎ ካላሰረ ፈላጊው አንዱን አግኝቶ ሁለቱን ያጣል። ሦስተኛው የሰው ስም ነው። የውጭ የመረጃ ቋቶች የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም ነው ብለው ስለሚይዙ፣ ደራሲው በአባቱ ስም ይመዘገብና የራሱ ስም ወደ አንድ ፊደል ያጥራል፤ የአባታቸው ስምና የራሳቸው ስም የመጀመሪያ ፊደል የተገጣጠመ የማይተዋወቁ ሰዎች እንደ አንድ ሰው ይቆጠራሉ። ከ2012 ጀምሮ ኦርኪድ የሚባል ባለ 16 አሃዝ የተመራማሪዎች መለያ ቁጥር መጥቶ ችግሩን አቅልሎታል፤ ለሞቱት ደራሲዎቻችንና ቁጥሩን ላልወሰዱት ግን አሁንም ሰው ተቀምጦ መለየት አለበት። እነዚህን ሁሉ የሚፈታ ሰው ፕሮግራምም ቋንቋም ማወቅ ይኖርበታል። ቋንቋውን የማያውቅ ግን ችግሩ መኖሩን እንኳ አያይም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል። የሥራ ዘመንን የሚወስነው ዕውቀት አይደለም፣ ባለቤትነት ነው ይላል። ጋርፊልድ ማውጫውን ያወጣው ኩባንያ መሥራች ነበሩ፤ ሰሚትም አለቃ ነበሩ፤ ተቀጣሪው ግን ኩባንያው በተሸጠ ቁጥር በሌላ ሰው ስሌት ይቀነሳል። ለዚህም ማስረጃ ሞልቷል። ዳያሎግ በ1988 በ353 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። የጋርፊልድ ተቋም በዚያው ዓመት አብዛኛው ድርሻው ተሸጦ በ1992 ወደ ቶምሰን ኩባንያ፣ በ2016 ደግሞ ክላሪቬት ወደሚባለው ኩባንያ ተዛወረ። የሕግ መጻሕፍት አሳታሚው ዌስት በ1996 በ3.4 ቢሊዮን ዶላር በቶምሰን ተገዛ። በእያንዳንዱ ሽያጭ መካከል ሥራቸውን ያጡ አሉ፤ ሥራቸውን በሚገባ ያውቁ የነበሩም ይገኙባቸዋል። ይህን መካድ ለወጣት የተሳሳተ ምክር መስጠት ይሆናል። ሆኖም ተቃውሞው የሚያረጋግጠው አንድ ኩባንያ ውስጥ መሰንበት እንደማይቻል ነው፤ በዘርፉ ውስጥ መሰንበት አይቻልም የሚለውን አያረጋግጥም። ኩባንያዎቹ ሲሸጡ ገዢው ከፍሎ የወሰደው የተመዘገበውን፣ የተጣራውን፣ የተሳሰረውን ስብስብ ነው፤ ያን የሚያስቀጥል ሰው ለገዢውም ለተወዳዳሪውም ያስፈልጋል። በአንጻሩ የአንዱን ድርጅት የውስጥ አሠራር ብቻ የሚያውቅ ሠራተኛ ከበሩ ሲወጣ ይዞት የሚወጣ ነገር የለውም። ስለዚህ ሠራተኛ በየሥራው ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ አለ፦ ዛሬ የምማረው ነገር ከዚህ ግቢ ውጭ ይሠራል ወይ? የማይሠራ ከሆነ፣ ደመወዙ ጥሩም ቢሆን፣ ዓመቶቹ እየባከኑ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የዛሬ ነው፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቶ መመዝገቡንም፣ መፈለጉንም፣ ማጠናቀሩንም ራሱ ይሠራዋል ይባላል። እዚህ ላይ በከፊል እጄን እሰጣለሁ። ቀደም ብዬ ያመሰገንኩት የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት በ2022 ለጽሑፎች ርዕስ የመስጠቱን ሥራ ወደ ማሽን አዙሯል። በየቀኑ ጽሑፍ እያነበቡ ርዕስ መምረጥ ብቻ እንደ ቀድሞው የሰው ሥራ አይደለም። የሰው ሥራ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ማሽኑ የሠራውን መርጦ መመርመር፣ ስሕተቱን ማረም፣ የቃላቱን ዝርዝርና ደንቡን ማደስ ሆኗል፤ ማሽኑ የሚሠራው ሰዎች ለአሥርት ዓመታት በመዘገቡት ላይ ተምሮ መሆኑም አይዘነጋ። የዌስትሎው ጉዳይ ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። የዌስትሎው አርታኢዎች፣ ሕግ የተማሩ ሰዎች፣ ከእያንዳንዱ ፍርድ የሕጉን ነጥብ በአጭሩ አውጥተው በመደብ በመደቡ ያስቀምጣሉ። ሮስ ኢንተለጀንስ የተባለ ጀማሪ ኩባንያ በእነዚህ አጫጭር ጽሑፎች ላይ ተመሥርቶ የራሱን ማሽን አሠለጠነ፤ የዌስትሎው ባለቤትም ከሰሰው። በየካቲት 2025 በዴላዌር የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ይህ አጠቃቀም በሕግ የተፈቀደ አይደለም ሲል በየነ፤ ጉዳዩም ወደ ይግባኝ አምርቷል። በይግባኙ የሚረታው ማንም ይሁን፣ ሁለት ኩባንያዎች በፍርድ ቤት የተናነቁት አርታኢዎች በጻፉት አጭር ጽሑፍ ምክንያት ነው። ፍርዶቹ እንደሆኑ የሕዝብ ናቸው፤ ማንም ሊያገኛቸው ይችላል። ዋጋ ያወጣው ሰው አንብቦ የለየው ነጥብ ነው። ለአማርኛ ደግሞ ነገሩ ይጠነክራል፤ ማሽኑ የሚማርበት የተጣራና የተመዘገበ ጽሑፍ በአማርኛ ጥቂት ስለሆነ፣ ያን የሚያዘጋጅ ሰው ያለው ሥራ ገና አልተነካም ማለት ይቻላል።

የቀረው ተቃውሞ በአገር ቤት ብዙ ጊዜ የሚሰማው ነው፤ ይህ ሁሉ ለአሜሪካ ይሠራል፣ እኛ ዘንድ ዘርፉ ራሱ የት አለ? በዚህ አልስማማም። የኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ከ1962 ጀምሮ ይታተማል። የአፍሪካን ጆርናሎች በአንድ ቦታ የሚያሳየው አጆል ከ1998 ጀምሮ አለ፤ በውስጡም የኢትዮጵያ መጽሔቶች ይገኛሉ። በ2019 በሕዝብ ገንዘብ የሚሠራ የከፍተኛ ትምህርት ጥናት ለሁሉም ክፍት እንዲሆን የሚጠይቅ አገር አቀፍ ፖሊሲ ወጥቷል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመረጃ ሳይንስ ማስተማር ከጀመረ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ መዋቅሩም ላላ ያለ ነው። ይህን አላቃልለውም። ነገር ግን በአንድ ዘርፍ ሥራ የሚገኘው ሰው በየቀኑ የሚቸገርበት ነገር ካለ ነው፤ ችግሩ ደግሞ እኛ ዘንድ ከማንም በላይ አለ።

የሕግ መረጃን እንውሰድ። ነጋሪት ጋዜጣ መታተም የጀመረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ የፌዴራሉ ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ አለ። ሕጎቹን አሰባስበው የሚያቀርቡ ድረ ገጾች አሉ፤ ባለውለታዎቻችንም ናቸው። ማሰባሰብ ግን የሥራው መጀመሪያ ነው። አሠሪዋ ከሥራ ያሰናበታት ሠራተኛ መብቷን ልታውቅ ብትፈልግ፣ አዋጅ ቁጥር 377ን ታገኝ ይሆናል፤ በመካከሉ ደጋግሞ እንደተሻሻለ፣ በመጨረሻም በአዋጅ ቁጥር 1156 እንደተተካ የሚነግራት ከሌለ የሞተ ሕግ ይዛ ትሟገታለች። አዲሱን ብታገኝም በአማርኛው 1156/2011፣ በእንግሊዝኛው 1156/2019 ተብሎ ስለሚጠራ ሁለት የተለያዩ ሕጎች ሊመስሏት ይችላሉ። ከዚህም በላይ ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ዓ.ም. ጀምሮ የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ሌሎች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል፤ በአሮጌው አዋጅ ላይ የተሰጠ የሰበር ትርጉም በአዲሱ ተመሳሳይ አንቀጽ ላይ ይጸናል ወይ የሚለውን ለመለየት ሁለቱን አስተያይቶ ማንበብ ግድ ነው። ሼፐርድ በ1873 በሙጫ ወረቀት የጀመሩት ሥራ ይኸው ነው፤ በእኛ ሕግ ላይ ደግሞ ገና ብዙ ይቀረዋል። ለመጀመር የነጋሪት ጋዜጣው ስብስብ፣ የሰበር ውሳኔዎቹ ቅጾች፣ ተራ የኮምፒውተር ሰንጠረዥና ሕግ አንብቦ የሚረዳ ሰው ይበቃሉ። በመጀመሪያው ዓምድ የአዋጁ ቁጥር በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር፣ በሁለተኛው አንቀጹ፣ በሦስተኛው ያሻሻለው ወይም የሻረው አዋጅ፣ በአራተኛው አንቀጹን የተረጎመው የሰበር መዝገብ ቁጥር፣ በአምስተኛው ደግሞ ይህ ለመጨረሻ ጊዜ የተጣራበት ቀን ይሞላል።